ሽኩቻው በእልፍኝ፣ ዕዳው በገበያ

ማን ማንን እንደገለበጠ፣ የትኛዋ እመቤት በየትኛዋ ደንገጡር እንደተተካች፣ የትኛው ባለሟል በማን ሹክሹክታ ከዙፋኑ ሥር እንደተገፋ የሚያሳዩ የቤተ መንግሥት ፊልሞች በየትኛውም ዘመን ተመልካች አጥተው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ በመዘውርና በክር መካከል ሲለፋ የዋለ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ ወይም ከደሴ ሰኞ ገበያ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ቤቷ የገባች ቸርቻሪ፣ ማታ ቴሌቪዥን ከፍተው የጌቶችን መናከስና መዋረድ ሲመለከቱ ደስ ቢላቸው የሚፈርድባቸው አይኖርም። ለጭሰኛ ልጅ የጌታን ውርደት ማየት የቆየ ዕዳ እንደ መሰብሰብ ነው። እኛም እንዲህ ያሉ ፊልሞች አይታዩ የምንል አይደለንም። የምንለው ስናያቸው ከካሜራው ውጭ የቀረውን እንጠይቅ ነው።

በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት የዚህ ዓይነት ፊልሞች መካከል ከፍ ያለ ዝና ያገኘው ግሪካዊው ዮርጎስ ላንቲሞስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዕይታ ያበቃው «ዘ ፌቨሪት» ነው፤ በእኛ አነጋገር «ባለሟሏ» ልንለው እንችላለን። ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1702 እስከ 1714 በነገሠችው በእንግሊዟ ንግሥት አን ዙሪያ ይሽከረከራል። ንግሥቲቱ ሪህ የሚያሠቃያት፣ 17 ጊዜ አርግዛ ለወግ ለማዕረግ የበቃ ልጅ ያላገኘች፣ በልጆቿ ፈንታ ጥንቸሎች የምታሳድግ ብቸኛ ሴት ናት። የማርልቦሮው መስፍን ሚስት ሣራ ቸርችል የንግሥቲቱን ልብና የመንግሥቱን ቁልፍ በአንድ እጅ ይዛለች። ከወደቀ የመኳንንት ቤት የመጣችው ዘመዷ አቢጌል ደግሞ በወጥ ቤት ገብታ፣ ከወጥ ቤት ወደ እልፍኝ፣ ከእልፍኝ ወደ ንግሥቲቱ አልጋ እየወጣች ሣራን ታፈናቅላለች። ንግሥቲቱን ሆና የተጫወተችው ኦሊቪያ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ2019 የኦስካር ሽልማት ተቀብላበታለች፤ ሽልማቱ ይገባታል።

ፊልም ሠሪው ሰነፍ አይደለም። ግዙፉን አዳራሽ በሰፊ ሌንስ እያጣመመ ሲያሳየን በውስጡ የሚርመሰመሱት መኳንንት በጠርሙስ እንደተያዙ ዝንቦች ያንሳሉ። አገሪቱ ከፈረንሳይ ጋር በጦርነት ላይ ሳለች ሚኒስትሮቿ ዳክዬ ያሯሩጣሉ። ከዚህ የከረረ ስላቅ ማንም አይጠብቅም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። በፊልሙ ውስጥ ዋናው የመንግሥት ጉዳይ ጦርነቱ ይቀጥል አይቀጥል፣ ለጦርነቱም የመሬት ግብር በእጥፍ ይጨመር አይጨመር የሚለው ነው። ይህ የብዙ ሺህ ሕዝብ የኑሮ ጉዳይ ወደ እልፍኙ የሚገባው ሁለት ሴቶች እርስ በርሳቸው የሚማቱበት ዱላ ሆኖ ብቻ ነው። ባለ ርስት ግብር ሲጨመርበት ጭማሪውን ወዴት እንደሚያዞረው የጭሰኛ ልጅ ሁሉ ከአባቱ ሰምቷል፤ ከፊልሙ ግን አይሰማም። ወጥ ቤቱም ቢሆን የሚታየን አቢጌል የምታመልጥበት ጉድጓድ ሆኖ ነው። እጇን ያቃጠላት የልብስ ማጠቢያ መርዝ የሌሎቹን ሴቶች እጅ ዕድሜ ልካቸውን ሲያቃጥል መኖሩ የፊልሙ ጉዳይ አልሆነም። አቢጌል ደረጃውን ስትወጣ ካሜራው አብሯት ይወጣል፣ የቀሩት ይቀራሉ።

የዚህ ዓይነቱ ትረካ ስውር ትምህርት ሥልጣን የጠባይ ጉዳይ ነው የሚል ነው። አንዷ ተንኮለኛ፣ ሌላዋ ቀናተኛ፣ ሦስተኛይቱ ደካማ ስለሆኑ አገር ተበላሸ ይባላል። እንግዲያውስ ደግ ንጉሥ ቢገኝ፣ ታማኝ ባለሟል ቢገኝ ሁሉም ይስተካከል ነበር ወደሚል ድምዳሜ ያደርሰናል። ይህ ሕዝባችን ለዘመናት የተመገበው አመለካከት ነው፤ ንጉሡ ደግ ናቸው፣ የከፉት በዙሪያቸው ያሉት ናቸው ሲባል ስንት ትውልድ አለፈ!

የራሳችን አገር ከዚህ የሚያንስ የቤተ መንግሥት ድራማ ኖሮት አያውቅም። ምናልባትም ይበልጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በሕመም ከተሸነፉበት ጊዜ ጀምሮ ያሉትን 20 ዓመታት ብቻ እንውሰድ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ተብለው ታወጁ፤ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ። እቴጌ ጣይቱ በሕመምተኛው ንጉሥ አልጋ አጠገብ ሆነው ሹመትና ሽረቱን በእጃቸው አስገቡ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አገዷቸው። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲሞቱ ሞታቸው ለሕዝቡ ሳይነገር ተደብቆ ቆየ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ተሻሩ፣ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። አንድ ወር እንደሞላ ሰገሌ ላይ ደም ፈሰሰ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጋብቻ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ማየት ብቻውን አንድ ፊልም ይወጣዋል። ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ ከዚህ ጋብቻ ኢያሱ ተወለዱ፣ ወሎና ሸዋም በአንድ ሕፃን ተሳሰሩ። ጣይቱ የወንድማቸውን ልጅ ጉግሣ ወሌን ለዘውዲቱ አጋቡ። ዘውዲቱ በነገሡ ጊዜ ደግሞ መኳንንቱ ባልየው እንዳይበረታ ብለው ከጉግሣ ለዩአቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ጉግሣ አንቺም ላይ ከተፈሪ ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ንግሥቲቱም አረፉ። የእንግሊዙን ፊልም አይቶ እንባውን የጠረገ የከተማችን ወጣት ይህን የዘውዲቱን ታሪክ ያውቀው ይሆን ብለን እንጠይቃለን። ለፊልም ሠሪ ግን ማስጠንቀቂያ አለን። ይህን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ የሠራው እንደሆነ የመሳፍንቱን ውል የፈጸመ ጸሐፊ እንጂ ሌላ አይሆንም። የሚዳረው ሰው ሳይሆን አገር ነበር፤ ጥሎሹም ገባር ነበር።

ደሴ በዚህ ትርዒት ውስጥ ጥግ ላይ የቆመች ከተማ አልነበረችም። የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ ነበረች። የዙፋኑ ወራሽ አባት ቤት ነበረች። በእነዚያ ዓመታት የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሲያስነጥስ ደሴ ይማር ትል ነበር፤ አንዳንዴም ማስነጠሱ የሚጀምረው ከደሴ ነበር። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቤተሰብ ተወልደው በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ናቸው። ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩ፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ የተጠመቁ ሰው ናቸው። ኢያሱ ከሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ጋር መዋላቸው ግን ለመኳንንቱ ምቹ ክስ ሆነላቸው፤ ሰልሟል ተባለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖችም የኢያሱን አካሄድ ከቱርክና ከጀርመን ጋር አያይዘው ስለ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሠግተው ነበርና ከሴራው ርቀው አልተቀመጡም። የቤተ መንግሥት ሽኩቻ የሚባለው ነገር መቼም ቢሆን በአጥሩ ውስጥ ብቻ እንደማይቀር ከዚህ ይታያል።

የወሎ ሰው ለኢያሱ ያለው ፍቅር እስከ ዛሬ አልቀዘቀዘም። እኛም ፍቅሩን አንነቅፍም። ነገር ግን የኢያሱን መገፋት ለማሳየት ሲባል የሚካኤልን ግቢ የወተትና የማር ምድር አድርጎ ማቅረብ ሌላ ተረት መፍጠር ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ሜዳ ላይ ተሰልፎ የወደቀው የወሎ ፈረሰኛና እግረኛ ለማን ዙፋን ሞተ? በማዶ ተሰልፎ የወደቀውስ የሸዋ ገበሬ? ሁለቱም ስንቃቸውን ከሚስቶቻቸው ጎተራ አውጥተው፣ በቅሏቸውን ጭነው የመጡ ነበሩ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ታሪክም ስማቸውን መዘገበ። የቀሩት በሺህ የሚቆጠሩት ሬሳዎች ስም የላቸውም። ስለ ሰገሌ ፊልም የሚሠራ ሰው ከሁለቱ ድንኳኖች ይልቅ ከእነዚህ የስንቅ አቁማዳዎች ቢጀምር የተሻለ ነው።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል። ስሙ ግሩም ነው፤ ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ያበላል፣ ማንንም አይጸየፍም ማለት ነው። ይህ አዳራሽ የደሴ ኩራት ሆኖ እንዲጠበቅ አጥብቀን የምንሻ ነን። ስሙን ግን ደግመን እናንብበው። ግብር የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ለገባሩ ግብር ማለት የሚከፍለው ነው፤ ለንጉሡ ግብር ማለት የሚያበላው ነው። በአንድ ቃል ውስጥ መስጠትና መቀበል ተገለባብጠው ተቀምጠዋል። ገባሩ ማሩን፣ ሙክቱንና ጤፉን አግብቶ ሲያበቃ፣ ዕድል ቀንቶት በአዳራሹ አንድ ቀን ቢጋበዝ የገዛ ጤፉን ከጌታው እጅ ይጎርስና ጌታዬ ቸር ነው ብሎ ይመለሳል። የርእዮተ ዓለም ሥራ ምን እንደሆነ ለማስረዳት በውጭ አገር የተማርናቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላቀረቡልንም።

ስለዚህ ካሜራውን ከአዳራሹ አውጥተን ቁልቁል ወደ ሰኞ ገበያ እናውርደው። ከደጋው ገብስና በግ፣ ከቆላው ማሽላ የሚወርድበት፣ የነጋዴውና የገበሬው ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት ስፍራ ነው። የሥርዓት ጤንነት የሚለካው እዚህ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስታልቅ የሆነውን ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ መርምሮታል። ያገኘውም ብዙዎችን ያስደነገጠ ነበር። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚገምተው ጣሪያ አልነካም። ከዚህም አልፎ ሕዝቡ እየረገፈ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። እህል መኖሩ አልነበረም ችግሩ፤ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፣ የሚሸጠው ከብት ደግሞ ከእህሉ አንጻር ዋጋው ወድቆበት ነበር። ጭሰኛው ምርቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ባለ ርስቱ ግን ጎተራ አለው። ለሰኞ ገበያ ሴቶች ይህን ለመንገር ሊቅ አያስፈልግም ይባል ይሆናል። ሊቁ ግን ገበያው የሚያውቀውን ነገር የዓለም መንግሥታት ሊክዱት በማይችሉት ቁጥር አስቀመጠው። ሟቾቹን የገመቱ ጥናቶች ይለያያሉ፤ ከ40 ሺህ ጀምሮ እስከ 200 ሺህ የሚያደርሱ አሉ።

በዚያን ወቅት ቤተ መንግሥቱ ምን ይሠራ ነበር? የ1964 ዓ.ም. የንጉሡ 80ኛ ዓመት የልደት በዓል ገና ከትዝታ አልወጣም ነበር። መኳንንቱ ማን ይወርሳል በሚል ሹክሹክታ ተጠምደው ነበር። ስለ ወሎ የሚነገር ነገር የአገር ስም ማጉደፍ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ያሳየው ፊልም ነው ምሥጢሩን ለዓለም ያፈረጠው።

የዚያ ፊልም ሁለተኛ ሕይወት ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ጉዳያችንን ይመለከታል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዲምብልቢን ፊልም ለሕዝብ አቀረበ፤ ነገር ግን እንዳለ አላቀረበውም። በወሎ ረሃብተኞች ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱ ግብዣ፣ የሠርግ ኬክና መጠጥ፣ ንጉሡም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲያቀርቡ የሚያሳዩ ምስሎች እየተቆረጡ ገቡበት። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። በአገራችን የፊልም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከበደ መቀስ አልተነሳም። ያ መቀስ ያደረገው የእንግሊዙ ፊልም ያላደረገውን ነው፤ ወጥ ቤቱንና እልፍኙን፣ ገበያውንና ዙፋኑን በአንድ ጥቅልል ላይ አጣበቃቸው። ተመልካቹ የሁለቱን ዝምድና በራሱ ዓይን አየ። ኃይለ ገሪማም በዚያው ዘመን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ፊልሙ የገበሬውን ቤተሰብና ባለ ርስቱን በአንድ ሜዳ ላይ አቁሞ ያንኑ ዝምድና በዝግታና በጥቁርና ነጭ አሳይቷል። እንግዲህ የቤተ መንግሥት ፊልም እንዴት መሠራት እንዳለበት ልምዱ ከእኛው ዘንድ አለ።

ከዚህ ላይ ቢቆም አስተያየታችን ግማሽ ብቻ በሆነ ነበር። መቀሱን በ1967 የያዘው እጅ ከ10 ዓመት በኋላ ምን አደረገ? በመስከረም 1977 ዓ.ም. 10ኛው የአብዮት በዓል በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ ቅስቶች ሲተከሉና ሰልፈኛ ሲያልፍ፣ ወሎ ዳግመኛ እየተራበች ነበር። የረሃቡ ወሬ በበዓሉ ላይ ጥላ እንዳያጠላ ታፈነ። በጥቅምት ወር የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ የቆረምን ንጋት ለዓለም ሲያሳዩ ነበር የታፈነው የወጣው። የሞተው ሕዝብ ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። የበዓሉን ቅስትና የቆረምን ሜዳ አጣብቆ ለማሳየት ያን ጊዜ መቀስ የያዘ አልተገኘም፤ ዘውድ የሌለውም ቤተ መንግሥት እልፍኝና አሽከር፣ ባለሟልና ሹክሹክታ ነበረውና። ስለ ዘውድ ብቻ ፊልም ሠርቶ ስለዚህ ዝም የሚል ሰው ዘውዱን እንጂ ግንኙነቱን አልጠላም ማለት ነው።

ሥልጣን በጥንት ንጉሥ ፊልም ውስጥ ራሱን እንደሚያይ ከሌላው ዓለምም እናውቃለን። ሰርጌይ አይዘንሽታይን «ኢቫን አስፈሪው» የተሰኘውን ፊልሙን በሁለት ክፍል ሠራ። የመጀመሪያው ክፍል ተሸለመ። የዛሩን ጥርጣሬና የአንጋቾቹን ጭካኔ የሚያሳየው ሁለተኛው ክፍል ግን ስታሊንን አስቆጣ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1958 ድረስም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። በዚያን ጊዜ ደራሲውም፣ ያገደውም ሞተው ነበር። በሶሻሊዝም ስም የሚምል መንግሥት የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ዛር ፈራ! አንዳንድ ጓዶች ይህን ምሳሌ ማንሳታችንን ላይወዱት ይችላሉ፤ ታሪክ ግን እንደ በዓል ሰልፍ በልክ አይቆረጥም።

በኛ በኩል የሚጠበቀው ሥራ ምንድን ነው? የደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ጊዜ በ2014 ዓ.ም. ተዘርፏል። ዕቃ ከተዘረፈ በኋላ የሚቀረው ሰው ነው፤ ሰውም ያረጃል። በ1966 በሰኞ ገበያ በሬውን ለእህል የለወጠ አባት፣ በ1977 ከቆረም ተነስታ ወደ ደሴ የመጣች እናት አሁን ስንቶቹ በሕይወት አሉ? በየቀበሌው ያሉ ወጣቶች በእጃቸው የያዙት ስልክ ሁሉ ካሜራ ነው። የወፍጮ ቤት ጸሐፊን፣ የእህል በረንዳ ደላላን፣ ሸክም ያነሳ ኩሊን፣ የከብት ዋጋ እንዴት እንደወደቀ የሚያስታውስ ነጋዴን ተቀምጠው ይቅረጹ። ጥያቄው ንጉሡ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ የሚል አይሁን፤ በዚያን ሰኞ አንድ ቁና ማሽላ በስንት ይሸጥ ነበር፣ ማን ይገዛ ነበር፣ የገዛው ወዴት ይጭነው ነበር የሚል ይሁን። ዕድሮች ለዚህ ከወርሃዊ ስብሰባቸው አንድ ሰዓት ቢሰጡ አይከብዳቸውም። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችም ከገጠር ወደ ከተማ ያመጣቸውን ምክንያት ከአባቶቻቸው አፍ ቀድተው ቢያስቀምጡ፣ ነገ ስለ ኢያሱና ስለ ሚካኤል ፊልም ለመሥራት የሚነሳ ባለሙያ አይጠየፍን ከመቅረጹ በፊት መጀመሪያ የሚያዳምጠው ድምፅ ያገኛል። ቀረጻው ከሰኞ ገበያ ሊጀመር ይችላል፤ አዛውንቶቹ ለገበያ በሚወጡበት ቀን፣ ጠዋት፣ እህሉ ገና ከአህያ ላይ ሳይራገፍ።